ፓምፑ «ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። የቤት ውስጥ የሻወር ፓምፕም የራሱ አነጋገር አለው። እኛ ግን ሳንሰማው መፍረድ ለምደናል። ከሻወሩ ጠብታ አልወርድ ባለ ቁጥር የመጀመሪያው ፍርድ «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚል ነው፤ ፈራጁም ብዙ ጊዜ ክዳኑን ገና ያልከፈተ ሰው ነው።

ቃሉ ገንዘብ ያስወጣል። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ጡረተኛ እናት ፓምፓቸው በቆመ ጊዜ የተጠራው ሠራተኛ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ተቃጥሏል፤ ወይ ይጠቅለል፣ ወይ አዲስ ይገዛ» ብሏቸው ሄደ። ሁለቱም ከጡረታቸው በላይ ነበርና ሳምንታት ሙሉ በባልዲ ታጠቡ፤ ባልዲውንም ደረጃ ለደረጃ የሚያወጡት ራሳቸው ነበሩ። ኋላ ሌላ ሠራተኛ ሲያየው ሞተሩ ደኅና ሆኖ ተገኘ። የደከመችው ከጎኑ የምትገኘው ካፓሲተር ብቻ ነበረች። (ለዚህች ዕቃ እስካሁን ጆሮ የሚጥም አማርኛ አላገኘሁላትም፤ ያገኘ ይለግሰን።)

በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሮቶ ይጠራቀማል። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ ባር ያህል ነው፤ ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ እንግዲህ የአንድ ባር ሲሶ እንኳ አይሞላም። ፓምፑ የሚገባው በዚህ መሐል ነው።

ታዲያ ሲቆም ምን ይላል? ጨርሶ ዝም ካለ፣ ጥያቄው የኤሌክትሪክ ነው፤ ብሬከሩ ወርዶ፣ ሶኬቱ ላልቶ ይሆናል። በላዩ የተገጠመው አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ቀይ መብራት ካበራም ብዙውን ጊዜ ሮቶው ባዶ በመሆኑ ሞተሩን ከደረቅ ሩጫ አድኖታል ማለት ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ታማኝነት ነው። ፈረቃው ደርሶ ሮቶው ሲሞላ ቁልፉን መጫን ይበቃዋል።

«እምምም» እያለ የማይዞር ከሆነ ግን ሊነሣ እየታገለ ነው። ያን ጊዜ ፈጥኖ ከሶኬቱ መንቀል ይገባል፤ በዚያ ሁኔታ ብዙ ከቆየ በእርግጥም ይቃጠላል። ከተነቀለ በኋላ ዘንጉ ከኋላ በማራገቢያው በኩል ሲሞከር አልዞር ካለ፣ ውሃውን የሚገፋው ክፍል በዝገት ወይም በደለል ተይዟል፤ ለወራት ሳይሠራ የቆየ ፓምፕ ይህ ልማዱ ነው። በቀላሉ ከዞረ የምትጠረጠረው ካፓሲተሯ ናት። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠም በኋላ ኃይል አምቃ ልትቆይ ስለምትችል ግን በባዶ እጅ አትነካም።

እየሠራ ውሃ የማያወጣውስ? አየር ገብቶበታል፤ ወይም ማጣሪያው ተደፍኗል። አየር ከሆነ የመሙያ ቡሎኑን ፈትቶ ውሃ መሙላት ነው። ከምድር ውስጥ ማጠራቀሚያ የሚስብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚያወጣው በማጠራቀሚያው ላይ የሚጫነው አየር ነው። በባሕር ወለል አየሩ ውሃን 10 ሜትር ያህል ሊያነሣ ይችላል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ቁጥሩ ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል፣ ያውም በስሌት እንጂ በተግባር ከዚያም ያንሳል። «8 ሜትር ይስባል» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ፓምፕ እዚህ ቢያቅተው ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።

ወረቀቱን ካነሣሁ፣ ቅሬታዬም እዚያው ላይ ነው። ያየኋቸው መመሪያዎች ሁሉ በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው፤ በአማርኛ ይህ ዕውቀት የሚኖረው በሠራተኛው አፍ ላይ ብቻ ነው። እኛ ብዕር የጨበጥን ሰዎች ስለ ምንጭና ስለ ወንዝ ስንቀኝ ዘመን አልፏል፤ ሮቶና ቧንቧ ግን ከክብራችን በታች ሆነውብናል። ጎረቤቴ «ካፓሲተሯን አይተሃታል ወይ?» ብለው የሚጠይቁበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ማንም በቋንቋቸው አልጻፈላቸውም። ያ ዓረፍተ ነገር ከስንት ባልዲ ባዳናቸው ነበር!

«ሥራው ለባለሙያው ይተው» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ውሃና ኤሌክትሪክ በተገናኙበት ቦታ ማንም እጁን ያስገባ አልልም። የባንክ ደንበኛ ግን ሒሳቡ ሲጎድል መዝገብ ከፍቶ መሥራት ባይችልም፣ «የት ገባ? አሳዩኝ» የማለት መብት አለው። ፓምፑ የቆመበትም እንዲሁ «በምን አወቅህ? አሳየኝ» ይበል። የሽቦው ቀለም ተቃጥሎ ከሸተተ፣ በመለኪያም ከተረጋገጠ፣ «ተቃጥሏል» ይባል፤ ያኔ ቃሉ በቦታው ዋለ።

ካፓሲተር መቀየር ካስፈለገም ማይክሮፋራዱና ቮልቱ በአሮጌዋ ጎን ላይ ተጽፈዋል፤ አዲሷ ያንኑ ማይክሮፋራድ ትያዝ፣ ቮልቷም ከአሮጌዋ አይነስ። ወደ ሱቅ ሲኬድ አሮጌዋን ይዞ መሄድ ነው።