«ሲስተር፣ ዱባዬ አመድ ለበሰብኝ»

«ዛሬ የማማክርዎ ስለ ልጅ ሳል አይደለም፤ ስለ ዱባዬ ነው» አሉኝ የዚህ ዓምድ አንባቢ የሆኑ አንዲት እናት ባለፈው ሳምንት ደውለው። ሰኔ ላይ አጥር ሥር የዘሩት ዱባ ክረምቱን ሙሉ ሲንሰራፋ ከርሞ፣ መስከረም ሲጠባ ዘጠኝ ፍሬ ቆጥረውበታል። አሁን ግን ከሥር ያሉት ቅጠሎች ዱቄት የተነፋባቸው ይመስል ነጫጭ ሆነዋል። ወንድ ልጃቸው «የተባይ መድኃኒት ነው» ብሎ በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ ፈሳሽ ከገበያ ገዝቶ መጥቷል። ስም አልተጻፈበት፣ መጠን አልተጻፈበት። ሦስት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጃቸው ደግሞ ቀኑን የሚውለው እዚያው ዱባው ሥር ነው። «ይርጨው ወይስ ይተወው?» አሉኝ።

ይተወው አልኳቸው። ምክንያቱን በስልክ አብራርቼ አልጨረስኩም፤ በዚህ ወቅት ዱባው ነጭ የለበሰበት ቤት ብዙ ስለሆነ ለሁላችሁም እዚህ ልጻፈው።

እኔ የሰው ነርስ እንጂ የተክል ሐኪም አይደለሁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን በጓሮዬ ዱባና ዝኩኒ አጥቼ አላውቅም፤ መድኃኒት ከመስጠት በፊት በሽታውን መለየት ደግሞ ለሰውም ለቅጠልም አንድ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ምላሱ ላይ ነጭ ነገር ሲታይ ምን እንደምናደርግ አስታውሱ። ጣታችንን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ቀስ ብለን እንጠርገዋለን። በቀላሉ ከለቀቀ ወተት ነው። አልለቅም ካለ፣ ወይም ለቆ ሥሩ ቀልቶ ከታየ፣ ፈንገስ ነውና ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን።

በዱባ ቅጠል ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ነጩን በአውራ ጣት ሲያሹት እንደ ዱቄት ጣት ላይ ከቀረ ፈንገሱ እሱ ነው። የማይለቅ ከሆነ ግን በሽታ ላይሆን ይችላል። የዝኩኒና የአንዳንድ ዱባ ቅጠል ከተፈጥሮው ብርማ ዥንጉርጉር አለበት። ይህ መልክ የቅጠሉን ጅማቶች ተከትሎ የተሣለ ይመስላል፣ ለጋውም ቅጠል ላይ ይታያል፣ ቢያሹት ከቦታው አይነቃነቅም። ጤነኛ ዝኩኒያቸውን «ታመመ» ብለው ነቅለው የጣሉ ጎረቤት አሉኝ። የመንገድ አቧራም ያታልላል፤ እሱ ግን አንዴ ካጠቡት እዚያው ቦታ ላይ ክብ ክብ እየሠራ ተመልሶ አይበቅልም።

እናታችን እያሹ እንዲነግሩኝ ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ጓሮ ላክኋቸው። ለቀቀ። በሽታው ከአሮጌዎቹ፣ ጥላ ሥር ካሉት ቅጠሎች መጀመሩም ተመሳሰለ። የግብርና ባለሙያዎች «ፓውደሪ ሚልዲው» የሚሉት ነው። ዘሩ በነፋስ ይመጣል፤ ከሌሎች ፈንገሶች የሚለየው ደግሞ ለመብቀል ቅጠሉ በውሃ መራሱን አለመፈለጉ ነው። ለዚህ ነው ዝናቡ ሲያባራ፣ ቀኑ ሲደርቅና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የሚብሰው። ነጩ ነገር ቅጠሉ ላይ ተቀምጦ፣ ቀጫጭን ሥር መሰል ነገር ወደ ውስጥ ሰድዶ የተክሉን ምግብ ይመጠምጣል። ፍሬውን ራሱን እምብዛም አይነካም። ጉዳቱ ቅጠሉ ሲደርቅ ነው፤ ፍሬው ምግብ ያጥረዋል፣ ሳይጣፍጥ ይቀራል፣ ጥላ አጥቶም ፀሐይ ይመታዋል።

ሁለተኛው ምርመራ ቅጠሉን መገልበጥ ነው። «ዳውኒ ሚልዲው» የሚባል ሌላ በሽታ አለ፤ ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው። እሱ ከላይ የሚያሳየው ነጭ ዱቄት ሳይሆን ቢጫ ነጠብጣብ ነው። ኪያር ላይ ነጠብጣቡ በጅማቶቹ መካከል ተከርክሞ እንደ መስኮት መስታወት ማዕዘን ይይዛል፤ ዱባ ላይ ማዕዘኑ ያን ያህል ላይጎላ ይችላል። ጤዛ ሳይደርቅ በጠዋት ቅጠሉን ከገለበጡት ከቢጫው ሥር ግራጫ ወይም ሐምራዊ ቀለም ያለው ስስ ጸጉር መሳይ ነገር ያያሉ። ረፋዱ ላይ ቢሄዱ ላያገኙት ይችላሉ። ይህ እርጥበት ይወዳል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ማሳውን እሳት የነካው ያስመስለዋል። ሳይንቲስቶች እንደ እውነተኛ ፈንገስ አይቆጥሩትም፤ በክረምት ድንቻችንን የሚያቃጥለው በሽታ ዘመድ ነው። ስለዚህም ለአንዱ የተገዛ መድኃኒት ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ሐብሐብ የምታለሙ ደግሞ ፍሬውን እያገላበጣችሁ እዩ። ልጣጩ ላይ ክብ፣ ጠቆር ያለና ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቁስል ከወጣ፣ በእርጥብ ቀንም መሐሉ ላይ ሮዝ መሳይ ዝልግልግ ነገር ከታየ፣ አንትራክኖስ የሚባለውን ጠርጥሩ። በዝናብና በመስኖ ውሃ ፍንጣሪ ይዛመታል፣ በዘርም ይተላለፋል፣ በወደቀ ቅጠል ውስጥም ይከርማል። ከእንዲህ ያለ ፍሬ ዘር አታስቀሩ፤ የዓመቱንም ተከላ ወደ ሌላ መደብ አዙሩት።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ ልመለስ። ገበያ ላይ «የተባይ መድኃኒት» ተብሎ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማላታይን ያለ የነፍሳት መርዝ ነው። የነፍሳት መርዝ ፈንገስ አይገድልም። ለጉንፋን የወባ ክኒን እንደመዋጥ ነው፤ ያውም የአበባውን ንብ ይገድላል። ንብ ከሌለ ደግሞ የዱባ ሴት አበባ ፍሬ አትይዝም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ልጁ ነው። በድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ከእንዲህ ዓይነት ፕላስቲክ ውሃ መስሏቸው የጠጡ ሕፃናት ተቀብያለሁ። ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ የዓይናቸው ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። መርዙ በቆዳም ይገባል። ልጅ ጠጥቶ ወይም ፈስሶበት ቢገኝ እንዲያስመልሰው አታስገድዱት። «ያረክሰዋል» እያላችሁ ወተት በመጋትም ጊዜ አታጥፉ። ፈሶበት ከሆነ የእናንተን እጅ በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍናችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፣ ወዲያውም የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሙ የሚፈልገው ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ላይ የተጻፈውንም ነው፤ ያልተጻፈበት መርዝ ቤት መግባት የሌለበትም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ዱባው ምን ይደረግለት? ፍሬው መጠኑን ከጨረሰ ምንም። ይህን ስል የሚከፉ አሉ፤ አንድ ነገር ካልተረጨ ያከሙ የማይመስላቸው። ቅጠሉ በዚህ ጊዜ ማርጀቱ አይቀርም፤ ፍሬው ከደረሰ በሽታው የወሰደው ጥቂት ነው። ፍሬው ገና ለጋ ከሆነ ግን በጣም የተጎዱትን የታች ቅጠሎች ብቻ ቆርጦ ማራቅ፣ ነፋስ እንዲያገኘው ማሳሳት ይጠቅማል። ቅጠሉን በሙሉ አትመልጡት፤ ፍሬው ፀሐይ ላይ ይቀራል።

የወተት ነገርም አለ። ብራዚላዊው ተመራማሪ ዋግነር ቤቲዮል እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በውሃ የቀጠነ የላም ወተት የዝኩኒን ነጭ ዱቄት እንደሚቆጣጠር አሳይተዋል። 1 እጅ ወተት ለ9 እጅ ውሃ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ምልክቱ እንደታየ መጀመር ነው። በ2008 ደግሞ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው አጓትንም በዱባ ቤተሰብ ላይ ሞክረው ውጤት አግኝተዋል። በወተት ዋጋ እንዲህ መወደድ ከልጅ አፍ ነጥቃችሁ ለዱባ ስጡ አልልም፤ አይብ ያወጣ ቤት ግን አጓቱን ከመድፋቱ በፊት በውሃ አቅጥኖ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ይሞክረው። ይህ ግን ለነጩ ዱቄት እንጂ ለሌሎቹ በሽታዎች አይደለም። ለሽያጭ የምታለሙ ከሆነ ጥቂት የታመሙ ቅጠሎች በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ለወረዳው የግብርና ባለሙያ አሳዩ፤ ይህ ጋዜጣም ከተነበበ በኋላ ለዚያ ይሆናል።

እናታችን ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ «ፍሬው ግን ይበላል?» አሉ። ይበላል። ቅጠሉ ላይ ያለው ፈንገስ የሰው በሽታ አይደለም፤ ታጥቦ፣ ተልጦ፣ ለጾም ወጡም ለሕፃኑ ገንፎም ይሆናል። ምንነቱ ያልታወቀ መርዝ የተረጨበትን፣ የበሰበሰውን፣ ቀምሰውት የመረረውንም ዱባ ግን ለማንም አታቅርቡ። ምሬቱ ራሱ ሆድ የሚያውክ መርዝ ነው፤ ቢቀቀልም አይጠፋም። የደረሰውን ዱባ የምታውቁት ልጣጩ ጥፍር ሲጫኑት አልበሳ ሲል፣ አንገቱም ሲደርቅ ነው። ያን ጊዜ ከነአንገቱ አራት ጣት ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡና ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን ደረቅ ጭድ ወይም ጣውላ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ደርድሩት።