ሰረዙ ታርሞ ምንጩ ያልተነበበ

በጤና ሳይንስ ኮሌጆቻችን አንድ ረቂቅ ለጆርናል ሊላክ ሲል አማካሪውም ጸሐፊውም ብዙ ጊዜ የሚደክሙት የሪፈረንስ ዝርዝሩን በማስተካከል ነው። የጆርናሉ ስም አጥሮ ተጽፏል ወይ? ከዓመቱ ቀጥሎ ያለው ድርብ ሰረዝ ነው ወይስ ነጠላ? ቅጹ ከገጹ የተለየው በሁለት ነጥብ ነው? ደራሲዎቹ ከስድስት ሲበልጡ አንዱ ጆርናል የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዘርዝረህ «እና ሌሎች» በል ይላል፤ ሌላው ሦስቱ ይበቁኛል ይላል። ይህን ያላሟላ ረቂቅ ይዘቱ ሳይነበብ ሊመለስ ይችላል። አሟልቶ ሲመጣ ግን በተራ ቁጥር 14 የተጠቀሰው ጥናት በእርግጥ የተባለውን ይላል ወይ ብሎ ጥናቱን የሚከፍት ገምጋሚ እምብዛም አይገኝም። ቅርጹን አጥብቆ ምንጩን የሚለቅ እርማት ለየትኛውም ሳይንስ አይበጅም፤ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ስላለ በሽታ ሲጻፍ ደግሞ ጉዳቱ ከወረቀት አልፎ በሽተኛው አልጋ ድረስ ይደርሳል።

ካላዛርን እንውሰድ። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከደጋ ወደ መተማ፣ ቋራና አብደራፊ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ የሚያድረው ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር፣ ከተሰነጣጠቀው ዋልካ አጠገብ ነው፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ቀኑን የምታሳልፈው በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የሕንድ ጥናት አምቢዞም የተባለው መድኃኒት በኪሎ 10 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ ከመቶ ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን እንደሚፈውስ አሳየ። ያው አሰጣጥ በጎንደር፣ በአርባ ምንጭና በሱዳን ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታተም ግን ከስድስት ወር በኋላ ድነው የተገኙት 58 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ መድኃኒቱ ተከፋፍሎ ለብዙ ቀን የተሰጣቸው 85 ከመቶ ድነዋል። እንግዲህ አንድ ረቂቅ ስለ መተማ እየጻፈ «አንድ ጊዜ መስጠት ውጤታማ ነው» ብሎ የሕንዱን ጥናት ቢጠቅስና ሰረዙ ሁሉ በቦታው ቢውል፣ የቅርጽ ተቆጣጣሪው አንድም ቀይ መስመር አያሰምርበትም። የጎንደሩን ጥናት በትክክል ጠቅሶ የገጽ ቁጥር የዘለለው ግን «አስተካክለህ ላክ» ይባላል። ከሁለቱ የትኛው ስሕተት ሰው እንደሚጎዳ ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያሻም።

ቁጥርም እንዲሁ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ይሻገራል። በኢትዮጵያ በዓመት ከ3,700 እስከ 7,400 ሰው በካላዛር ይያዛል የሚለው አኃዝ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ከታተመ ዓለም አቀፍ ግምት ነው። ምንጩን የከፈተ አንባቢ የሚያገኘው ቆጠራ አይደለም፤ በዓመት ሪፖርት የተደረጉ 1,860 ያህል ሕሙማን በሁለትና በአራት ተባዝተው ነው፤ ማባዣው ደግሞ ስንቱ ሳይመዘገብ ይቀራል ለሚለው ጥያቄ ባለሙያዎች የሰጡት ግምት ነው። በግምቱ ነውር የለም፤ አዘጋጆቹም አልሸሸጉትም። ችግሩ ማባዣው መንገድ ላይ ቀርቶ ውጤቱ ብቻ ተጠቅሶ ሲሄድ፣ የመድኃኒት በጀት የሚያወጣው ሰው የተቆጠረ ሕዝብ ያየ መስሎት መወሰኑ ነው። እንዲህ ያለው ቅብብሎሽ የት እንደሚያደርስ አሜሪካ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣች የአምስት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ሆስፒታል ተኝተው ማስታገሻ ስለወሰዱ ሕሙማን ብቻ ትናገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲቆጠር 608 ጊዜ ተጠቅሳ ተገኘች። ከጠቀሷት ውስጥ 72 ከመቶው የኦፒዮይድ ሱስ ብርቅ ነው ለማለት ማስረጃ አድርገዋታል፤ አብዛኞቹም ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አላነሱም። የገጽ ቁጥሯን ማንም አልሳተ ይሆናል።

ወጥነት አንባቢን ይረዳል የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው። ዝርዝሩ ወጥ ሲሆን ዓይን አይደክምም፣ ምንጩም ቶሎ ይገኛል። ግን ወጥነት የተፈለገበት ምክንያት ተረስቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥቂት የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች በካናዳዋ ቫንኩቨር የተሰበሰቡት ጸሐፊው ጆርናል በለወጠ ቁጥር ረቂቁን እንደ አዲስ ታይፕ እንዳያደርግ ለማሳረፍ ነበር። ዛሬ በዚያችው ከተማ ስም በሚጠራው የሪፈረንስ አጻጻፍ ጸሐፊው ይለፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የተመራማሪዎች መጠይቅ አንድን ጽሑፍ፣ ሪፈረንሱን ጨምሮ፣ ቅርጽ ለማስያዝ የሚጠፋውን ጊዜ 14 ሰዓት ገደማ አድርሶታል። ኤልሰቪርን የመሰሉ አሳታሚዎች በብዙዎቹ ጆርናሎቻቸው በመጀመሪያው ማቅረቢያ ላይ እርስ በርሱ የተስማማ አጻጻፍ እስከሆነ ድረስ የትኛውንም ይቀበላሉ። እኛ ግን እነሱ የተዉትን አጥብቀን ይዘናል። «ዞቴሮ ወይም ኢንድኖት የተባለው የሪፈረንስ ፕሮግራም በደቂቃ ይሠራዋል» ለሚል ደግሞ፣ ማሽን በደቂቃ የሚሠራውን ለምን የሰው ችሎታ መለኪያ እናደርገዋለን?

ጠንካራው ክርክር ግን ሌላ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ያልጠበቀ ሰው ዳታም አይጠብቅም ይላሉ። ለረጅም ጊዜ ጥንቃቄ የጎደለውን ጽሑፍ ለመለየት ምልክቱ አገልግሎ ይሆናል። ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ግን ይህ ተገልብጧል፤ ያልተጻፈ ጥናት፣ ደራሲ፣ ቅጽና ገጽ ፈጥሮ በቫንኩቨር ሥርዓት ያለ እንከን ይደረድራል። የእኛው ሰው በበኩሉ በጥንቃቄ ጽፎም ይሳሳታል፤ ቅርጹ ራሱ አይመጥነውምና። እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋሉት፣ ካላዛር ከዓይነቶቹ አንዱ በሆነው በሌሽማኒያሲስ ላይም የሠሩት አክሊሉ ለማ በሪፈረንስ ዝርዝር ውስጥ የሚገኙት በአባታቸው ስም ለማ ተብለው ነው፤ አክሊሉ አንዲት ፊደል ሆኖ ይቀራል። አንዱ ተማሪ «አክሊሉ» ብሎ ሌላው «ለማ» ብሎ ቢጠቅስ የትኛው ይቀጣል? የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት በኛ አቆጣጠር 2015 ሲል፣ ያለ ማብራሪያ የሰፈረውን ዓመት የውጭ አንባቢ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ መረጃ አድርጎ ያነበዋል። ይህ መታረም ያለበት ስሕተት ነው፤ በቅርጽ መቆጣጠሪያ ቅጾች ላይ ግን ስለ አቆጣጠር የሚጠይቅ መስመር እምብዛም አይታይም።

ገምጋሚዎች ያለ ክፍያ ስለሚሠሩ አርባ ጥናት ክፈቱ ሊባሉ አይችሉም። ማንም እንዲህ አላለም። መጠን፣ አኃዝ ወይም የሕክምና ምርጫ የተንጠለጠለባቸው ምንጮች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ቢበዛ አራት አምስት ናቸው። ጸሐፊው ከእነዚህ የተመሠረተበትን ዓረፍተ ነገርና ገጹን ቀድቶ ከረቂቁ ጋር ይላክ፤ ጥናቱ በየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት ሕሙማን ላይ እንደተሠራም ይጻፍ። ሙሉ ጽሑፉን ማግኘት አቅቶት አብስትራክቱን ብቻ አንብቦ ከሆነ ይህንኑ ይግለጽ፤ በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት አገር ይህ የሚያሳፍር ኑዛዜ አይደለም። ሰረዙን ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ጆርናሉ ራሱ ያስተካክለው፤ የሕትመት ክፍያም እየተቀበለ ከሆነ የሥራው ድርሻ ነው።