ጀርባችንን ሰጥተን የምናጨበጭብ

ባለፈው ሐሙስ ምሽት ጃዝ ላዳምጥ በሰፈሬ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ክበብ ጎራ ብዬ ነበር። የክበቡን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለምና። በሩ ላይ ሦስት ጎልማሶች ስለ መግቢያው ዋጋ ከምትቆርጠው ልጅ ጋር ይከራከራሉ። «እኛ ልንጠጣ እንጂ ሙዚቃ ልንሰማ አልመጣንም» ይላል አንደኛው። ክርክሩን አሸንፈው በነፃ ገቡ። ገብተውም ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀመጡና አንድ ሙሉ ጠርሙስ ውስኪ አዘዙ።

መድረኩ ላይ አምስት ወጣቶች አሉ፤ ሳክስፎን፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራምና መሲንቆ። ራሳቸው የደረሱትን፣ በትዝታ ቅኝት የተቃኘ ዜማ ይጫወቱ ነበር። ባለመሲንቆው አንድ አጭር ሐረግ ይጥላል፤ ባለሳክስፎኑ ያንኑ ያነሣና ያዞረዋል፣ ይሰብረዋል፣ መልሶ ይጠግነዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ መሆኑ ያስታውቃል። በዚህ መካከል ግድግዳው ላይ በተሰቀለው፣ ድምፁ በተዘጋው ቴሌቪዥን የእንግሊዝ ክለቦች ጨዋታ ጎል ተቆጠረ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ጩኸቱ ለእርሱ እንዳልሆነ ሲገባው መልሶ ጨፈነ፤ ነገር ግን ወደሚሄድበት አልደረሰም። ዜማውን አሳጥሮ ጨረሰ። ያን ጊዜ አጨበጨብን። ግማሾቻችን ጀርባችንን ለመድረኩ እንደ ሰጠን ነበር ያጨበጨብነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከጎሉም ይብሳል። ከባለውስኪዎቹ አንዱ ተነሥቶ «የፊልሙን ተጫወቱልን!» ሲል ጮኸ። አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 በሠራው ፊልም ውስጥ የገቡትን የሙላቱ አስታጥቄን ዜማዎች ማለቱ ነው። ልጆቹ ተያዩና ተጫወቱለት። ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። ለነገ ወዳጆቹ «ኢትዮ ጃዝ የእኛ ኩራት» ብሎ እንደሚልክ አልጠራጠርም።

አንባቢ ሆይ፣ ጠቤ ከዚህ ኩራት ጋር ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። እኛ ወርቁን ወርቅ ለማለት የውጭ ሰው ሚዛን እንጠብቃለን። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን ሲያሳትሙ ስንቶቻችን ገዛነው? እ.ኤ.አ. በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክ» የተሰኘው ተከታታይ አራተኛ ቅጹን ለሙላቱ ሥራዎች ሲሰጥ ግን፣ ፓሪስ ያወቀችውን እኛም ዐወቅንላቸው። ክብሩ ይገባቸዋል፤ ይህንን የሚክድ የለም። ነውሩ፣ ነገ ሙላቱ የሚሆነውን ልጅ ዛሬ ፊት ለፊታችን ቆሞ ሳለ አለማየታችን ነው።

«ጃዝ እኮ የፈረንጅ ነው፤ ሕዝቡ ምን አገባው?» የሚሉኝ አሉ። እነዚህ ሰዎች ቅኔ ቤት ስለሚባል ነገር ሰምተው ያውቃሉ? ባለቅኔ ትናንት የዘረፈውን ዛሬ ቢደግም ያፍራል፤ አዲስ መዝረፍ አለበት። አዝማሪ ቤትስ? አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ በዚያው ቅጽበት ከዜማ ያዋድዳል። እዚያው ቆሞ መፍጠርን እንደ እኛ የለመደ ሕዝብ ጃዝን ባዕድ ሊለው አይገባም። መሣሪያዎቹም ቢሆኑ እንግዶች መሆናቸው ከቀረ ቆየ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች»፣ ናስ የሚነፉ የባንድ ተጫዋቾች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንድ መቶ ዓመት አልፏል። በመቶ ዓመት ያልተላመደ ባዕድ የለም።

«ወርቃማው ዘመን አልፏል፤ እነዚህ ልጆች ቅጂ ናቸው» የሚሉም አሉ። እነርሱ የኢትዮ ጃዝን ምስጢር አልተረዱም። አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝት አሥራ ሁለት ድምፅ ካለው የምዕራቡ ስምምነት ጋር ማስታረቅ አንድ ጊዜ ተፈትቶ የሚቀመጥ ሒሳብ አይደለም። ስምምነቱ ከበዛ ትዝታው ጣዕሙን ያጣል፤ ካነሰ ጃዝነቱ ይቀራል። እያንዳንዱ ተጫዋች፣ በእያንዳንዱ ምሽት፣ ሰው ፊት ቆሞ እንደገና ሊያስታርቀው ግድ ይለዋል። ለዚህም የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። አድማጭ በሌለበት ልጁ ከለመደው ይወጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ከለመደው ለመውጣት ደፋር ባደረገው ቁጥር ጎል ይቆጠርበታልና።

ኑሮ ተወደደ፣ ለጃዝ የሚከፈል ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚለኝ ግን መልስ የለኝም። እውነቱን ነው። የሌለው ሰው አይከፈል። ነገሬ ከባለጠርሙሱ ጋር ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የዕለቱ ሒሳብ ሲታሰብ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ከመጠጡ ገቢ ለእነርሱ የሚደርስ የለም፤ የበሩ ገንዘብ ተቆጥሮ፣ ለቤቱ የሚቀነሰው ተቀንሶ ለአምስቱ የተረፈው፣ ፊት ለፊታቸው ከተከፈተው የአንድ ጠርሙስ ውስኪ ዋጋ ያንሳል። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ድርሻውን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ። «ለታክሲ ይበቃል» አለና ሣቀ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለዓመታት «ጋዜጠኛ ወዳጄ» እየተባልኩ ያለ ክፍያ ስገባ ኖሬአለሁ፤ ይህም እንደ ክብር ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ የገባሁት በእነዚያ ልጆች የታክሲ ገንዘብ ነበር።

የከተማችን ሌሊት ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ለዓመታት ዘጋው። በጥር 2007 ዓ.ም. ፒያሳ በጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ ጃዝአምባን በላው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንዲቃም ኖሮበት ከነበረው ቤት ለቀቀ። ስለ እነዚህ ሁሉ ጮኸናል፣ አልቅሰናል፤ ማልቀሳችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን እሳትም ግሬደርም ባልደረሰበት ቤት፣ መብራቱ በርቶ፣ ወንበሩ ሞልቶ ሳለ ሙዚቃ ሲሞት የምናለቅሰው መቼ ነው? የዚህ ቤት አፍራሾች እኛ ነን።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ በሉ አልልም። አዝማሪ ቤትም ይጮኻል፤ ጩኸቱ ግን ለዜማው መልስ ነው። የምለው ጥቂት ነው። አቅሙ ያለህ የበሩን ክፈል፤ ወዳጅነትህን ለቅናሽ አታውለው። ባለቤት ሆይ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ያንን ቴሌቪዥን አጥፋው፤ ክፍያቸውንም ከምሽቱ በፊት በወረቀት ተዋዋል እንጂ ከትርፍራፊ አትስጣቸው። አንተም ባለስልኩ፣ የፊልሙን ዜማ ከመጠየቅህ በፊት «የራሳችሁን ድገሙልን» በላቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ እሄዳለሁ፤ በሩ ላይም እከፍላለሁ። ወንበሬንም ወደ መድረኩ አዞራለሁ። ያ ልጅ በዚያ ትዝታ ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ ማወቅ እፈልጋለሁ።