ውሻ አጣቢው የሰፈራችን ልጅ

እዚህ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ውሻ እያጠበና እየተንከባከበ መተዳደር ጀምሯል። ደንበኛ የሚያገኘው በሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። መጀመሪያ በየቀኑ ዋጋውን ብቻ ይለጥፍ ነበር፤ ሰው ተሰላቸ።

«ሲስተር፣ ምን ልጻፍ?» ብሎ መጣ።

በሥራ ዘመኔ በዕብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ሕፃን አይቻለሁ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ከስንት አንድ ነው። «እንግዲያው ልጄ» አልኩት፣ «የሚጠቅማቸውን ጻፍ፦ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተብ፣ ክትባቱም በየዓመቱ ይደገም። መርፌውን ግን ለእንስሳት ሐኪም ተው።»

አሁን የክትባት ቀን ሲደርስ ባለቤቶቹን ያስታውሳል፤ ውሾቹንም ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። በቅርቡ አንዲት ልጅ ስትነከስ በግሩፑ ጠይቆ የውሻውን ባለቤት ከነክትባት ካርዱ አገኘው። ልጅቷ ግን ካርድ አለ ተብሎ አልቀረችም፤ ታጥባ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ደንበኛውም በዛ። ሰው በሩን የሚከፍተው ለሚያምነው ነው።

እናንተስ የውሻችሁን የክትባት ካርድ መቼ ነው ያያችሁት?