ለበጉ ዘር ቆጠራ፣ ለውሻው ደላላ

ዋጫ ላይ በገበያ ቀን በግ ሊገዛ የወጣን ሰው ልብ ብላችሁ ብታዩት ትዕግሥቱ ያስቀናል። መጀመሪያ ከሩቅ ያያል። ከዚያ ቀርቦ ወገቡን ይጨብጣል፤ ላቱን ያነሳል፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። «የማን ቤት በግ ነው? እናቱ መንታ ትወልዳለች?» ይላል። ባለቤቱ ቢምልለትም አያምነውም። ይሄዳል፤ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል፤ እንደገና ወገቡን ይጨብጣል።

ያው ሰውዬ፣ በዚያው ቀን፣ ካርቶን ታቅፎ የቆመ ጎረምሳ «ጀርመን ነው፣ ንጹሕ ጀርመን!» ሲለው እጁን ኪሱ ይከታል። የእናቱ ነገር አይነሳ፣ የሰፈሩ ነገር አይጠየቅ፣ ዕድሜው አይጣራ። ካርቶኑን ታቅፎ ወደ ቤቱ!

ሌላ ሰው እያማሁ እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢያችን ሁለት ጊዜ በሌባ ተደፈረና ባለቤቴ «ውሻ ይግባ» አለች። ደላላ ለማግኘት አልተቸገርኩም። ቡችሎቹ ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተነገረኝ፤ ቀብድ ክፈል ተባልኩ፤ ከፈልኩ። ደረሰኝ ብጠይቀው «ጋሼ፣ በእኔና በእርስዎ መሃል ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልጋል!» አለኝ። ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነው፤ አፈርኩና ተውኩት። ሦስት ሳምንት አስጠብቆኝ ቡችላውን አመጣው። ሁለት ወሩ ነው አለ። አፉን ስከፍተው ጥርሱ ገና ድዱን እየበሳ ነበር። ይህንን እያየሁ፣ አዎ፣ እያየሁ፣ ቀሪውን ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ልጆቼ ስሙን «መቻል» አሉት። አልቻለም። በአምስተኛው ቀን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው፤ በሰባተኛው ቀን ጓሮ ቀበርነው። የእንስሳት ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ ፓርቮ ነው አለኝ። ደላላው ዘንድ ደወልኩ። «የእግዜር ሥራ ነው ጋሼ፤ ምን ይደረጋል። ሌላ ላምጣልዎት? ትንሽ ቀብድ ብቻ...»

የእግዜር ሥራ! ይቺ ቃል ናት ይህንን ያስጻፈችኝ። ያንን ቡችላ ከጡት የነጠለው እግዜር አይደለም። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። ጡት መጥባቱ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ፤ ሲነክስ ምን ያህል እንደሚያም፣ ሲጫወት የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። የመጀመሪያው ክትባትም የሚሰጠው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያም ይደገማል። ፓርቮ ደግሞ ገብቶ ምልክቱ እስኪታይ ባብዛኛው ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳል። ቁጠሩት እንግዲህ፤ መቻል በሽታውን የያዘው እኔ ቤት ከመግባቱ በፊት ወይም ገና በገባ ሰሞን ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ቫይረሱ ግቢ ውስጥ ለወራት ይቆያል። በዚያ ሳምንት ያልተከተበ «ሌላ» ቡችላ ማምጣት ሁለተኛ ጉድጓድ መቆፈር ነበር። ደላላው ይህንን አያውቅም፤ ወይም እያወቀ ነው የሸጠው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እናንተ ፍረዱ።

አሁን ወደ በጉ ልመለስ። በካፋ ምድር «እኛ እንስሳ ማርባት አናውቅም» የሚል ሰው ቢነሳ የቦንጋ በግ ይስቅበታል። ቀንድ አልባው፣ ላታሙ፣ ግዙፉ የቦንጋ በግ እኮ አገር ያወቀው ዝርያ ነው። በፈረንጆቹ 2009 በአዲዮ ወረዳ አርሶ አደሮች ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር ሆነው ዘር የማሻሻል ሥራ ጀመሩ። ሥራው ምንም ምሥጢር የለውም። ግልገል ሲወለድ ይመዘገባል፤ እናቱ ትታወቃለች፤ አባቱ ይታወቃል፤ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። ከሁሉ የበለጡት አውራዎች በአርሶ አደሮቹ ፊት ይመረጡና ማኅበሩ በጋራ ይጠቀምባቸዋል፤ የቀሩት ይሰነጋሉ ወይም ይሸጣሉ። ከሩቅ አገር ድረስ የዘር አውራ ፍለጋ የሚመጣውም ለዚሁ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ለመዝገቡም ጭምር ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ነው። ለበግ ይህንን ሁሉ የምናውቅ ሰዎች፣ ውሻ ላይ ስንደርስ ዕውቀታችንን የት ጥለነው ነው የምንሄደው?

«በግ ይበላል፣ ይሸጣል፤ ውሻ ግን ውሻ ነው» የሚል መልስ ይመጣል። አውቃለሁ። ግን በጉ እኛ ዘንድ የሚቆየው ቢበዛ ጥቂት ዓመት ነው። ውሻው አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ከልጆቻችን ጋር ይኖራል። በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ሌሊት በሩ ላይ የሚተኛው እሱ ነው። ክፉ በግ ቢገዙ የከፋው ጉዳት ሥጋው መቅጠኑ ነው። ክፉ ውሻ ግን ልጅ ያስነክሳል።

በሰፈራችን የደረሰውን ልንገራችሁ። ከዚያው ደላላ የተገዛ ሌላ ቡችላ የጎረቤታችንን ልጅ እጁ ላይ ነከሰው። «ቡችላ ነው፣ መጫወቱ ነው» ተባለና ታለፈ። በሦስተኛው ቀን ቡችላው አፉን አረፋ ደፈቀውና ሞተ። ያኔ ሰፈሩ ተገለበጠ። ክትባቱ እዚህ የለም ሲባሉ ወደዚያ፣ እዚያም አልቋል ሲባሉ ወደ ሌላ ከተማ፤ አባትየው ልጁን ታቅፎ ቀናት ዞረ። ለመንገዱና ለመድኃኒቱ ጊደር ተሸጠች። ልጁ ደኅና ነው፤ ተመስገን። ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ሐኪሙ «ቡችላው ከየት መጣ? እናቱ ተከትባለች?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ገዢው አያውቅም፤ ሻጩ ስልኩን ዘግቷል። የመጣበት የማይታወቅ ቡችላ ማለት ይህ ነው፤ ሁሉም ክፉውን መገመት አለበት።

የእብድ ውሻ በሽታ ጨዋታ አይደለም። ሰው ላይ ከሚደርሰው ሞት ከመቶ 99ኙ በውሻ የሚመጣ ነው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ ጥናት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል ብሎ ገምቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ የአገራችን ድርሻ ከሁለት ሺህ በላይ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ መከተብ ሕይወት ያተርፋል። «ቡችላ አያብድም» የሚለውም ተረት ነው፤ ከተነከሰ ያብዳል። በሽታው ደግሞ ሳይታይ ለሳምንታት፣ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በካርቶን ታሽጎ ከማናውቀው ጓሮ የሚመጣ ቡችላ ምን ይዞ እንደሚመጣ እንግዲህ አስቡት።

ዳፋው ለጫካውም ይተርፋል። የባሌን ቀይ ቀበሮዎች በተደጋጋሚ የጨረሰው ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በፈረንጆቹ 1994 በታንዛኒያ ሰረንጌቲ አንድ ሺህ ያህል አንበሳ ያለቀው ዲስቴምፐር በሚባል የውሻ በሽታ ነው። የካፋ ደን በ2010 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ውስጡም አንበሳ አለ። ያልተከተበ ውሻ ጫካው ዳር ለዳር ሲዞር «የእኔ ውሻ የእኔ ጉዳይ ነው» ማለት አይቻልም።

ሌላው የሚያስቀኝ ነገር «ንጹሕ ጀርመን» ነው። ጀርመኖቹ ራሳቸው በ1899 (እ.ኤ.አ.) ማኅበር ያቋቋሙት መዝገብ ሊይዙ ነው። ንጽሕና ማለት የተጻፈ የዘር ሐረግ ማለት ነው፤ ካልተጻፈ የደላላ መሐላ ነው። መዝገብ ካለም ገና አላለቀም። ይህ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል፤ ኀላፊነት የሚሰማው አርቢ ወላጆቹን ሳያስመረምር አያዳቅልም። እኛ አገር ግን «ጀርመን» የምትባል አንዲት ሴት ውሻ ከተገኘች፣ ጡቷ ሳይደርቅ፣ አካሏ ሳያገግም በየመራቢያ ወቅቷ ታስወልዳለች። ባለቤቷ ውሻ አላረባም፤ ብር አተመ። ከዚያ ገዢው የቡችላውን ጆሮ በምላጭ ያስቆርጣል፤ ቀን ሙሉ በሰንሰለት ያስራል፤ «ኃይለኛ እንዲሆን» ሚጥሚጣ ያበላል። ይህ ውሻ ጠባቂ አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውን ሳይሆን እንግዳውንና ሕፃኑን ነው የሚነክሰው።

አበው «እናቲቱን አይተህ ልጅቱን አግባ» ያሉት ለውሻም ይሠራል። የቡችላውን እናት በዓይናችሁ እዩ። ከሳች ወይስ ደኅና ናት? ሰው ሲቀርባት ትንቀጠቀጣለች ወይስ ትረጋጋለች? ቡችሎቹ የተኙበት ንጹሕ ነው? የክትባቷ ወረቀት የታለ? ስንት ጊዜ ወለደች? እናቱን አላሳይም የሚል ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው። «መንገድ ላይ እንገናኝና ላስረክብህ» የሚል ደግሞ ሰፈሩ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ነው። ጥሩ አርቢ የሚታወቀው እናንተ ከምትጠይቁት ይልቅ እሱ በሚጠይቃችሁ ነው። ግቢ አላችሁ? ማን ይመግበዋል? ብትሰለቹስ ለማን ትሰጡታላችሁ?

ቀብድ ራሱ ክፉ አይደለም። ተራ መጠበቅም ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ገና ላልተወለደ ቡችላ ወራት የሚያስጠብቅ አርቢ ከደላላው ይታመናል። ክፉው ያለ ወረቀት የሚሰጥ ቀብድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ከፋዩ ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከለወጠ ግን እጥፉን ይመልሳል። እጥፉን! ታዲያ ምስክርና ፊርማ ሳይኖር ማን ላይ ነው የምናስመልሰው? አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። የየትኛዋ እናት ልጅ እንደሆነ፣ የተወለደበት ቀን፣ የሚረከቡበት ቀን፣ የተሰጠው ክትባት፣ በተረከቡ ሰሞን ቢታመም ወይም ቢሞት ብሩ እንዴት እንደሚሆን፣ የሁለቱ ወገን ስምና ፊርማ። ገዢም ብትሆኑ ሌላ አንቀጽ አትርሱ፤ በ2071 መሠረት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፤ «አምልጦኝ ነው» ማለት አያድንም።

ደላላውን ብቻ መውቀስ ግን ለራስ ማዳላት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እዚህ ግን አጥሩን የቀደድነው እኛ ገዢዎች ነን። በሁለት ቀን ውሻ ካልመጣልን የምንል፣ ጆሮ የተቆረጠ የፈረንጅ ውሻ በር ላይ ሲታሰር ክብር የሚመስለን፣ የጎረቤትን የአበሻ ውሻ የምንንቅ እኛ ነን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኔ ዓመት ጠበቅሁ። ከዚያ በቆሎ ማሳ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ፤ ውሻቸው መውለዷን ሰምቼ ነበር። ተራ የአበሻ ውሻ ናት፤ ደረቷ ሰፊ፣ ዓይኗ ረጋ ያለ። ሐኪሙ በዘመቻ ሲመጣ እንዳስከተቧት ወረቀቱን ከሳጥን አውጥተው አሳዩኝ።

«እማማ፣ ቀብድ ልስጥዎት?» አልኳቸው።

«ብሩን ተወው ልጄ። ቀን ሙሉ ታስረዋለህ?»

«አላስርም።»

«ያለፈው ምን ገደለብህ?»

ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያው ክትባቱን ሳይጨርስ ካንተ ግቢ አይገባም። ሦስት ወሩን ይሙላ፤ ያንጊዜ ና» አሉኝ። አንድ ወር ተኩል ተመላለስኩ። የመጀመሪያውን ክትባት ሐኪሙ ከጅማ አስመጣልኝ፤ የእብድ ውሻውን በሦስት ወሩ ወጋልኝ። እማማ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ አርቢ ነኝም አይሉም። ግን ከበግ አርቢዎቹ ጋር አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ያሳደጉት እንስሳ በማን እጅ እንደሚገባ የመጠየቅ መብትም ግዴታም እንዳለባቸው።

በሚቀጥለው ገበያ ካርቶን የታቀፈ ጎረምሳ ሲመጣባችሁ ዘር አትቁጠሩ፣ ዋጋም አትከራከሩ። «እናቲቱ የት አለች? ውሰደኝና ልያት» በሉት። ካልወሰዳችሁ ብሩ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ።