ኮሚቱን ለፍሬምወርክ አንተውለት

ከደምበል ወደ ወሎ ሰፈር ሲኬድ ኦሎምፒያ ላይ ካሉት ሕንፃዎች ወደ አንዱ ገብታችሁ፣ የክፍያ ወይም የዴሊቨሪ አፕ የሚሠራ ዴቨሎፐር «ትራንዛክሽኑን የት ከፍተህ የት ነው የምትዘጋው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን ከወዲሁ መገመት ይቻላል። «እሱን ፍሬምወርኩ ራሱ ይሠራዋል» ይላችኋል። ሪኩዌስት ሲገባ ሴሽን ይከፈታል፤ በሰላም ካለቀ ኮሚት ይደረጋል፤ ስህተት ከመጣ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። በቃ። ይህ እምነት እንደ ሙያው ሀሁ ተቆጥሯል፤ አዲስ የሚቀጠር ልጅም ሥራ ሲጀምር የሚነገረው ይኸው ነው። የሰው ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ሲስተም ግን አደገኛ አስተሳሰብ ነው።

ሲጀመር፣ ፍሬምወርኩ ይሠራዋል የሚባለውን ነገር ብዙ ጊዜ አይሠራውም። ጃንጎ ሪኩዌስቱን በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን የሚጠቀልለው ሴቲንጉ ውስጥ ሰው ገብቶ ሲያበራው ብቻ ነው። ማንም ካልነካው እያንዳንዱ የዳታቤዝ ትእዛዝ ለብቻው፣ ወዲያውኑ ኮሚት ይሆናል። ላራቬልም እንደዚያው ነው፤ ትራንዛክሽን ክፈት ካልተባለ አይከፍትም። በሁለቱም ላይ የደንበኛው ትእዛዝ ተመዝግቦ ክፍያው ሳይመዘገብ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። በስፕሪንግ ደግሞ «ትራንዛክሽናል» የሚለውን ምልክት ከሜተዱ በላይ አስቀምጦ እፎይ ያለ ሰው አለ። ቼክድ የሚባለው ዓይነት ስህተት ሲወረወር ስፕሪንግ ካልተነገረው በቀር ሮልባክ አያደርግም፤ እስከዚያ የተጻፈውን ኮሚት አድርጎ ያልፋል። ይህ ሁሉ በየፍሬምወርኩ መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የማያነበው ሰው ግን አለቃው ፊት ቆሞ «ሲስተማችን አስተማማኝ ነው» ይላል።

እሺ፣ ሴቲንጉ በርቷል እንበል። ዋናው ጥፋት የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም ሪኩዌስት የኔትወርክ ጉዳይ ነው፣ ትራንዛክሽን ደግሞ የሒሳብ ጉዳይ። ሁለቱን አንድ ቦታ የሚጀምሩና አንድ ቦታ የሚያልቁ ያደረጋቸው የእኛ ስንፍና ነው።

አንድ ደንበኛ «ክፈል» የሚለውን ሲነካ ምን እንደሚሆን በቅርበት እንየው። ትራንዛክሽን ይከፈታል፣ ትእዛዙ ይመዘገባል፣ በዳታቤዙ ውስጥ የደንበኛው መስመር (ሮው) ይቆለፋል። ከዚያ ኮዱ ወደ ክፍያ ኩባንያው ኤፒአይ ይደውላል። መልሱ 20 ሰከንድ ቢዘገይ፣ ለእነዚያ 20 ሰከንዶች የዳታቤዝ ኮኔክሽኑ ምንም ሳይሠራ ተይዞ ይቆያል። በፓይተን የሚሠሩ ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ኤስኪውኤል አልኬሚ ካልተነገረው በቀር በአንድ ፕሮሰስ 5 ኮኔክሽን ይይዛል፣ ሲጨናነቅ 10 ይጨምራል። ስለዚህ 15 ሰው በአንድ ጊዜ ክፍያ ላይ ከቆመ 16ኛው፣ የምግብ ዝርዝር ለማየት ብቻ የገባው እንኳ፣ ተራ ይጠብቃል። በ30 ሰከንድ ውስጥ ካልደረሰው ስህተት ይመለስለታል። ቡድኑ ይሰበሰብና «ሰርቨሩ አነሰ» ብሎ ትልቅ ሰርቨር በዶላር ይከራያል። ሰርቨሩ እኮ ሥራ ፈትቶ ነው የተቀመጠው። የእቁብ ጸሐፊ፣ አንዱ አባል ገንዘቡን ከመርካቶ እስኪያመጣ ድረስ ደብተሩን ገልጦ ሌላውን ሁሉ አሰልፎ አያቆምም፤ እኛ በየቀኑ የምናደርገው ግን ይህንኑ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። የክፍያ ኩባንያው ገንዘቡን ቆርጦ «ተሳክቷል» ካለ በኋላ፣ ኮዳችን ደረሰኝ ሲያዘጋጅ አንድ ተራ ስህተት ቢገጥመው፣ ፍሬምወርኩ እንደተባለው ሁሉንም ይመልሳል። ሁሉንም ሲባል የእኛን ዳታቤዝ ብቻ ነው። ከደንበኛው የሄደውን ብር አይመልስም፣ የተላከውን ኤስኤምኤስም አይሽርም። ደንበኛው የተከፈለበትን መልእክት ስልኩ ላይ እያሳየ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ «እኛ ጋ አልገባም» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚጣሉት ግን እነሱ ናቸው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ጭቅጭቅ ብርቅ አይደለም።

ትራንዛክሽን ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ከሌላ ሰው የተጠበቀ ነው የሚለው ሁለተኛው እምነትም መፍረስ አለበት። ደንበኛው 1,000 ብር አለው። ኔትወርኩ ሲዘገይበት የ800 ብር ክፍያውን ሁለቴ ነካው። ሁለት ሪኩዌስት፣ ሁለት ትራንዛክሽን። የመጀመሪያው ቀሪውን አንብቦ 1,000 አገኘ፤ ሁለተኛውም ያው ገና ስላልተጻፈ 1,000 አገኘ። ሁለቱም «ይበቃል» ብለው 800 ቀነሱና 200 ብለው ጻፉ። ሁለቱም በሰላም ኮሚት ሆኑ። 1,600 ብር ወጥቶ ሒሳቡ 200 ብር ቀሪ ያሳያል። ፖስትግሬስ ካልተቀየረ በቀር «ሪድ ኮሚትድ» በሚባለው ደረጃ ስለሚሠራ ይህን አይከለክልም፤ የማይኤስኪውኤሉ ኢኖዲቢ ጠበቅ ባለው «ሪፒተብል ሪድ» ቢሠራም በተራ ንባብ ላይ ያው አደጋ አለ። መድኃኒቱ አንድ መስመር ኮድ ነው፦ ቀሪውን ወደ ኮድ አምጥቶ ከመቀነስ ይልቅ ዳታቤዙን ራሱን «ቀሪው ከ800 የማያንስ ከሆነ 800 ቀንስ» ብሎ ማዘዝ፣ ካልሆነም መስመሩን ቆልፎ ማንበብ። ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ሰጥቶ ሁለተኛውን ንክኪ ዳታቤዙ እንዲመልሰው ማድረግም ሌላ መስመር ነው። ይህን የሚጽፈው ትራንዛክሽኑ የእኔ ሥራ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

የቀሪ ሒሳብ ቁጥጥር ለጥቂት ሰዓታት ሲላላ የሚመጣውን መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ አወጡ፣ አስተላለፉ። ባንኩ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ማሻሻያ ሥራ ወቅት የተፈጠረ መሆኑን፣ በእነዚያ ሰዓታት 490 ሺህ ያህል ግብይት መካሄዱን፣ ያላግባብ የተወሰደውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ። ያንን ከዌብ ፍሬምወርክ ጋር ማምታታት አልፈልግም፤ የባንክ ኮር ሲስተም ሌላ ነገር ነው። የማነሳው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ እስከማድረግ ደረሰ። አብዛኛው ገንዘብ የተመለሰው የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ስለሆነ ነው። ኦሎምፒያ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ጀማሪ ኩባንያ ገንዘቡን ለማስመለስ ማንን ይልካል?

«ምንም ትራንዛክሽን ከማይኖር ሪኩዌስቱን በሙሉ በአንድ መጠቅለሉ አይሻልም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ይሻላል። ብሎግ ለሚያወጣ፣ ቅጽ ለሚሞላ፣ ከውጭ ኤፒአይ ጋር ለማይገናኝ ገጽ ሴቲንጉን አብርቶ መተው በቂ ነው። ሦስት ሰው ሆኖ፣ ደንበኛ «ነገ አድርሱልኝ» እያለው የሚሠራ ቡድን አቋራጭ ቢፈልግ አልፈርድበትም። ግን አቋራጩን እንደ ንድፍ ማስተማር ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አልቀበልም። ችግሩ አዲስም አይደለም። የትራንዛክሽንን ጽንሰ ሐሳብ ካዳበሩት ዋነኛው የሆነው ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጽሑፍ ከጥቅሙ ጎን ለጎን ውስንነቱን አስቀምጧል፤ ረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሥራዎችን አንድ ትራንዛክሽን እንደማይሸከም ያኔ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ጋርሲያ ሞሊናና ሳሌም ረጅሙን ሥራ በአጫጭር ትራንዛክሽኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ማካካሻ የማዘጋጀትን ዘዴ «ሳጋ» ብለው አቀረቡ። ክፍያ ማለት በትክክል እሱ ነው፦ «ሊከፈል ነው» ብሎ መዝግቦ ኮሚት ማድረግ፣ ትራንዛክሽን ሳይዙ ወደ ውጭ መደወል፣ መልሱ ሲመጣ በሌላ አጭር ትራንዛክሽን መዝጋት፣ መልስ ያልመጣለትን ደግሞ በየደቂቃው እየተመለሱ መጠየቅ።

እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር የምታሠሩ ባለቤቶችም የምትጠይቁት አላችሁ። ርክክብ ላይ የሚታየው ስክሪንና ቀለም ብቻ ሆኖ ኖሯል። በሁለት ስልክ በአንድ አካውንት ግቡ፤ 1,000 ብር አስገቡና ሁለታችሁም የ800 ብር ክፍያ እኩል ንኩ፤ ይህንን ደጋግሙት። ቀጥሎ ክፍያ መሐል ላይ የሰርቨሩ ኢንተርኔት ይቋረጥና ትእዛዙ በምን ሁኔታ እንደቀረ በዳታቤዙ ያሳዩአችሁ። አንዴም ቢሆን 1,600 ብር ከወጣ ወይም «ፍሬምወርኩ ያስተካክለዋል» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ አትፈርሙ።