ያሳደጉት ልጅ በሕግ ልጅ የሚሆነው መቼ ነው?

«ጉዲፈቻ» የሚለውን ቃል በአዋጆቻችንና በፍርድ ቤት መዝገቦቻችን ውስጥ ስናነበው የሕግ ባለሙያ የፈጠረው ይመስለናል። ቃሉ ግን የአፋን ኦሮሞ ነው፤ የሌላውን ልጅ ተቀብሎ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግን ያመለክታል። በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮ፣ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር በምትገኘው በበደሌም ጭምር ሕጉ ከመጻፉ በፊት ባህሉ ነበረ። ሽማግሌዎች መርቀው የተቀበሉት ልጅ ከአብራክ ከተገኘው እኩል ነው። ሕግ አውጪው ቃሉን ከሕዝቡ ወሰደ፤ ሕዝቡ ግን ሕጉ የጨመረውን አንድ ነገር፣ የፍርድ ቤቱን ማጽደቂያ፣ ብዙ ጊዜ ችላ ይለዋል። መዘዙም የሚወድቀው በልጁ ላይ ነው።

ምሳሌ ልውሰድ። አንድ የሁሩሙ ቡና ገበሬና ባለቤቱ ልጅ አልወለዱም እንበል። የዘመድ ልጅ በሦስት ዓመቷ ተቀብለው፣ አስተምረው ለቁም ነገር አበቋት። ጎረቤቱም፣ ዕድሩም፣ ትምህርት ቤቱም የሚያውቃት የእነርሱ ልጅ አድርጎ ነው። አባት በድንገት ሲሞቱ ግን ትናንት «የወንድማችን ልጅ» ሲሏት የነበሩት አጎቶች የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። «አሳደጋት እንጂ መች ወለዳት?» ይላሉ። እንዲህ ያለው ክርክር በሙያዬ ደጋግሞ ገጥሞኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 842 መሠረት ሟችን በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። የሟች ወላጆች፣ እነርሱም ከሌሉ ወንድምና እህቶች የሚመጡት ልጅ ሲጠፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙግቱ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ልጅ ናት ወይስ አይደለችም?

ሕጉ ምን ይላል? ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ የጉዲፈቻ ስምምነት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992ም በአንቀጽ 194 ይህንኑ ደግሞታል። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። የመቱ ነዋሪ የሚዳኘው ኦሮሚያ በ1995 በአዋጅ ቁጥር 69 ባወጣውና በ1996 ባሻሻለው የራሱ የቤተሰብ ሕግ ነው። የክልል የቤተሰብ ሕጎች በአብዛኛው የፌዴራሉን ፈለግ የተከተሉ ቢሆኑም ባለጉዳዩ የክልሉን ሕግ አንቀጽ በእጁ ይዞ መጠየቅ አለበት። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሰው የፌዴራሉን ነው።

ጉዲፈቻ አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው 25 ዓመት ቢሞላቸው ይበቃል፤ ነገር ግን አንዱ የትዳር ጓደኛ የሌላውን ልጅ የሚወስድ ካልሆነ በቀር ስምምነቱን የሚያደርጉት በአንድነት ነው። ልጁ 18 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። ይህችን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። «ልጃችን አይደለች፣ ምን ያስቸኩለናል?» እያሉ የቆዩ ወላጆች ልጅቱ 18 ዓመት የሞላት ዕለት በሩ ይዘጋባቸዋል። ከዚያ በኋላ ኑዛዜ መጻፍ ይቻላል፤ ኑዛዜ ግን ንብረት ያስተላልፋል እንጂ ልጅነትን አይፈጥርም።

ስምምነቱ የሚደረገው ከልጁ አሳዳሪ ጋር ነው፤ ልጁ በማሳደጊያ ያለ ከሆነም ከድርጅቱ ጋር። ወላጆቹ በሕይወት ካሉና ከታወቁ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው። አንደኛው እምቢ ካለና ልጁ አሥር ዓመት ከሞላው ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የልጁን ሐሳብ ሰምቶ ሊያጸድቅ ይችላል። ከዚያም ዳኛው የልጁን አስተያየት፣ የአሳዳጊውን አቅም፣ ልጁን እንደ ራሱ ልጅ የሚይዘው ስለመሆኑ የቀረበውን መረጃ ይመረምራሉ። መመዘኛው አንድ ነው፦ ለልጁ ይበጃል ወይ? ብዙ ሰው ይህን እንደ እንግልት ያየዋል። እኔ ግን ልጅ ብለው ወስደው ሠራተኛ ለሚያደርጉ የተዘጋጀ ወንፊት ነው እላለሁ። ልጁን እንደ ባሪያ የያዘ ሰው ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ሊፈርስበት ይችላል።

የእናት ሆድ ለሚፈሩ አሳዳጊዎችም አንድ ነገር ልበል። «ወላጆቿን ካወቀች ትሄድብናለች» ብለው የልጁን ሥር የሚደብቁ አሉ። ሕጉም ሆነ የጥንቱ ባህል ይህን አይጠይቁም። በአንቀጽ 183 መሠረት የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም፤ ምርጫ የሚያስፈልግበት ሁኔታ ሲመጣ ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ለምን አሳሳቢ ሆነ? ከሀገራችን ወደ አሜሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ከ15 ሺሕ በላይ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ብዙዎቹ ጥሩ ቤት ገጠማቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ቤት የሞተችው የሐና ዊሊያምስ ታሪክ ግን ሀገር አስለቀሰ፤ አሳዳጊዎቿም እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኛ ተባሉ። ምክር ቤቱ በጥር 2010 የውጭ ጉዲፈቻን ያስቀረውን ማሻሻያ አጸደቀ፤ አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ሆኖም ወጣ። እንግዲህ የውጭው በር ከተዘጋ የቀረን የራሳችን በር ነው። የውጭውን ዘግቶ የውስጡን ሳይከፍቱ መቀመጥ ልጆችን በማሳደጊያ ግቢ ማስቀረት ነው።

መቱ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎና ከሌላም ሥፍራ የመጡ ሰፋሪዎች ያረፉት በኢሉባቦር ምድር ነው። የኦስትሪያዊው ካርልሃይንስ በም ድርጅት «ሰዎች ለሰዎች» በአካባቢው ሠርቷል፤ በመቱ ያለው አብዲ ቦሪ የሕፃናት ማሳደጊያም የእርሱ ሥራ ነው። ማሳደጊያ ልጅን ከጎዳና ያድናል፤ «አባዬ» የሚባል ሰው ግን ሊተካ አይችልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። ለመንግሥት፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት አሳዳጊ ያጡ ልጆች በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን መንገድ የማበረታታት ግዴታ አለባችሁ። የዞኑና የወረዳው ፍርድ ቤቶች ለዚህ ጉዳይ ተዘዋዋሪ ችሎት ቢያስቡ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤቶችም አሠራሩን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፈው በየቀበሌው ቢለጥፉ ወጪው ቀላል ነው። ለአሳዳጊዎች ደግሞ፦ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ተቀበሉ፤ በማግሥቱ ግን ስምምነቱን ጽፋችሁ ፍርድ ቤት አጽድቁ። ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 እንደ ልደትና ጋብቻ የሚመዘገብ ስለሆነ ውሳኔውን ይዛችሁ ወደ ወሳኝ ኩነት መዝጋቢው ሂዱ። ልጁ እንደሆነ ከእናንተ በኋላም መኖሩ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚቆምለት ፍቅራችሁ ሳይሆን ያ ወረቀት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።